በየቤቱ ያደረው መጽሐፍ

በወጣትነቴ መጽሐፍ ጠባቂ ነበርኩ። ሥራው ዛሬ ሌላ ማዕረግ ይኖረው እንደሆነ አላውቅም፤ ያኔ የደብሩ ሰው «ባለቁልፉ» ብሎኝ አረፈ። ቤተ ክርስቲያናችን ከየካ ተራራ ወገብ ላይ፣ በጽድና በወይራ ተከባ ትታያለች፤ ከጎኗ ደግሞ ክብ የድንጋይ ዕቃ ቤት አለች። ከበሮውና ጽናጽሉ፣ ጥላውና አልባሳቱ እዚያ ይቀመጣሉ። መጻሕፍቱም በቆዳ ማኅደራቸው ሆነው ከግድግዳው ችካል ላይ ተንጠልጥለው ያድራሉ። የዚያ ሁሉ ቁልፍ በእኔ አንገት ነበር፤ የተበጠሰውን መስፋትና የፈዘዘውን ፊደል በቀለም ማደስም የእኔ ሥራ ነው። ዘመኑ ከተማው ገና እንጦጦ ላይ ያለበት፣ ቤተ መንግሥቱም ወደ ፍል ውሃው ሜዳ ልውረድ አልውረድ የሚልበት ነው። አሁን ተራራውን የወረሰውን ባሕር ዛፍ ያኔ ማንም በስሙ እንኳ አያውቀውም።

ልጆች አልወድም ነበር። ልጆቹን እንኳ ሳይሆን እጃቸውን ነው። የልጅ እጅ ቅቤ ነው፣ ቆሎ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ብቻ አንድ ቀን እጅ ሆኖ አያውቅም። እኔ ደግሞ አንድ ብራና ለመጽሐፍ እስኪበቃ ምን ያህል እንደሚለፋበት አውቃለሁ፤ ፍየሉ ይታረዳል፣ ቆዳው ተወጥሮ ይፋቃል፣ ይደርቃል፣ ጸሐፊው ዓይኑን ይጨርስበታል። ያን ሁሉ ልፋት አንድ የቅቤ ጣት ሲያበላሸው ባየሁ ቀን ምግብ አይበላልኝም። ስለዚህ በየማለዳው ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሜ «እጅ!» እላለሁ። ይዘረጋሉ። ያልታጠበ ወደ ምንጩ ይመለሳል። ከበስተኋላዬ እንደሚያሾፉብኝ አውቅ ነበር፤ ያሹፉ፣ ታጥበው ያሹፉ።

የተማሪ ቤቱ መምህር፣ የኔታ የምንላቸው፣ ከጎጃም የመጡ ቀጭን ሽማግሌ ነበሩ። ቁጣቸው እንደ ሐምሌ ዝናብ ነው፤ ይወርዳል፣ ያባራል፣ ሣሩ ግን አድጎ ይገኛል። ፊደል የለየ ልጅ ንባቡን የሚጨርሰው በአንድ የጸሎት መጽሐፍ ነው። እሱን ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ለት ወላጆቹ ጠላ ጠምቀው ጎረቤት ይጠራሉ። ችግሩ፣ ያ መጽሐፍ በደብሩ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ከመጨረሻው ገጽ ላይም፣ ከዚህ ደብር የሰረቀውና ጽሕፈቱን የፋቀው የተወገዘ ይሁን የሚል ቃል አለበት። የደብሩ አስተዳዳሪ፣ አለቃችን፣ እጅግ ጥንቁቅ ሰው ስለነበሩ ውግዘቱን ትንሽ አስፍተው ተረጎሙት፦ መጽሐፉ ከደጀ ሰላሙ ደፍ አንዲት ስንዝር አይወጣም።

ልጆቹ ደግሞ ጩኸታቸው ጸሎት ስለሚያውክ ወደ ውስጥ አይገቡም። እንግዲህ ምን ይደረግ? መጽሐፉን ከደፉ ወዲህ በአትሮንስ ላይ እዘረጋዋለሁ። የኔታ ከእኔ ጋር ከውስጥ ይቀመጣሉ። ልጆቹ ከደፉ ወዲያ ተኮልኩለው፣ አንገታቸውን አስግገው ያነባሉ። ፊደሉ ወደ የኔታ ስለሚያይ፣ የእኛ ደብር ልጆች በሙሉ ንባብ የለመዱት ገልብጠው ነው። አቃንተህ ብትሰጣቸው ይደናገራሉ። ሌላ ደብር ቢሆን ጉድ ይባል ነበር፤ እኛ ግን ከመልመዳችን የተነሳ አናየውም።

ከሁሉም አብልጣ ገልብጣ የምታነብ አንዲት ልጅ ነበረች። አባቷ ከአያት ቅድመ አያቱ ጀምሮ የየካን ቁልቁለት ያረሰ የኦሮሞ ገበሬ ነው። እኩያዬ ነበር፤ እኔም፣ የኔታም፣ አለቃም ሳይቀሩ «ኦቦ» እንለዋለን። ሴት ልጁን ተማሪ ቤት ሲያመጣ አንዳንዱ ሰው ቢያጉረመርም የኔታ «አፍ አላት ወይ? ዓይን አላት ወይ? በቃ፣ ትቀመጥ» ብለው ዘጉት።

አንድ ክረምት የመጽሐፉ ክር ተበጠሰ፤ የእንጨት ገበታውም ተሰነጠቀ። መጽሐፍ ለማያውቀው ሰው አንድ ነገር ይመስለዋል እንጂ ብዙ ትንንሽ ጥራዞች ተሰፍተው የሚሠሩት ነው። ጥራዞቹን በየተራቸው ደርድሬ፣ ክርና ወስፌ ይዤ ልሰፋ ስቀመጥ የኔታ መጡና ከበላዬ ቆሙ።

«ተው፣ አትስፋው» አሉኝ።

«ምን አሉ የኔታ?»

«አትስፋው አልኩህ። ሲሰፋ አንድ ነው፤ አንድ ደፍ ላይ ነው የሚቀመጠው። እንዲህ ተፈትቶ ግን በየቤቱ ሊያድር ይችላል። አንድ ቤት አንድ ጥራዝ ይያዝ። ጥራዙ አይነቃነቅ፤ ልጆቹ ይዙሩ። እኔም አብሬያቸው እዞራለሁ።»

«በየቤቱ? በጭሱ? በቅቤው? በአይጡ መሐል?»

«አንተስ ለምን ተፈጠርክ? ጠብቀዋ!»

አኮረፍኩ። ከየኔታ ጋር ሰላምታ እንኳ በአፍንጫዬ ሆነ። ነገር ግን በዚያው ሳምንት፣ ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ከደፉ ወዲያ ተቀምጠው ሲያነቡ፣ ዝናብ ወረደ። እኔና የኔታ፣ በክርም ባይሆን በመቀነት ታስሮ የተዘረጋው መጽሐፍም፣ ከደጀ ሰላሙ ጣሪያ ሥር ነን። ልጆቹ ሰማይ ሥር ናቸው። ሌሎቹ እየጮኹ ወደ ወይራው ሲሮጡ ያቺ የኦቦ ልጅ አልተነሳችም። ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደችና ዝናቡ እንዳይረጨው በመጽሐፉ በኩል ዘርግታ ያዘችው። ጠጉሯ እየረሰረሰ፣ በነጠላዋ ላይ አንገቷን አስግጋ ማንበቧን ቀጠለች። አንጀቴን በላችው። ለእነዚያ እጆች የነበረኝ ጥላቻ በዚያች ሰዓት ጥሎኝ ሄደ።

ከየኔታ ጋር ሆነን አለቃ ዘንድ ቀረብን። አለቃ ሲሰሙን ቆዩና ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ» አሉን። «መጽሐፍ እናበዛለን ብላችሁ ያለንንም እንዳታሳጡን።»

«ዋሱ እኔ ነኝ» አልኳቸው፤ ከአፌ ሲወጣ ራሴም ደነገጥኩ።

አለቃ ነገሩን ቆርጠው ሰጡን። ለከርሞው የደብሩ ንግሥ መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ እፊታቸው ይቀርባል። አንድ ጥራዝ ከጎደለ ቁልፉ ከአንገቴ ይወጣል፤ የቀረውም መጽሐፍ ዕቃ ቤት ገብቶ ዳግም ለልጅ ዓይን አይታይም። የኔታ ደግሞ «መጽሐፍ ከተከለከልኩ በትሬን አንስቼ አገሬ እገባለሁ፤ በባዶ እጄ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ልጅ አላታልልም» አሉ። ስለዚህ የአንድ ጥራዝ መጥፋት የተማሪ ቤቱ መዘጋት ነበር። ይህንን ደብሩ በሙሉ ያውቃል።

እኔም የራሴን ሕግ አወጣሁ፦ ድመት የሌለው ቤት ጥራዝ አይሰጠውም። አይጥ ውግዘት አይፈራምና። ያን ጊዜ በየካ የድመት ነገር ምን እንደሆነ ያየ ነው የሚያውቀው። ግልገል ድመት ፍለጋ እስከ እንጦጦ ሠፈር የወጣ አለ። ቤት ለቤት እየዞርኩ ስመረምር፣ በመጀመሪያው ቤት አንዲት ጆሮዋ የተቆረጠ ዳልቻ ድመት አየሁ። በሁለተኛው ቤትም አንዲት ጆሮዋ የተቆረጠ ዳልቻ ድመት አለች። በሦስተኛው ስትመጣ እሷም ታክቷት ኖሮ እግሬ ላይ ተጋደመች። ሳቄ አመለጠኝና ለሦስቱም ሰጠኋቸው።

ኦቦ ቤት ስደርስ ደጁ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

«ባለቁልፉ፣ እኔ ቀለም አላውቅም» አለኝ። «ድመት ግን አለኝ። የራሴ ናት፣ የተበደርኳት አይደለችም።»

ጥራዙን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ በቆዳ ማኅደር አድርጎ ከምሰሶው ላይ ሰቀለው። ሚስቱን ሁሉም «አዴ» ይላታል፤ እሷም ከሥሩ እሳት እንዳይነድ ምድጃውን ወደ በሩ አዛወረች።

ነገሩ የኔታ ካሰቡትም በላይ ሰመረ። ልጆቹ ጠዋት አንዱ ቤት፣ ከሰዓት በኋላ ሌላው ቤት ይውላሉ። የኔታ በትራቸውን ይዘው ይከተላሉ፤ እኔ የኔታን እከተላለሁ፤ «እጅ!» የምትለውም ቃል አብራን ትዞራለች። ቀን ከሌት ሲጨቃጨቁ የሚኖሩ አንድ ባልና ሚስት ነበሩ። ጥራዙ ከገባ ወዲህ «መጽሐፍ እየሰማ አይሰዳደቡም» ብለው ዝም አሉ፤ ነገር ሲመጣባቸው ውጪ ወጥተው ይጨርሱታል። የኔታ ይህን ሲሰሙ «ለእነዚህማ አንድ ጨምርላቸው» አሉኝ። ጥራዙ ከቤቱ ስለማይነቃነቅ የቤቱ ሰው ያንኑ ቃል በየቀኑ ከሁሉም ልጆች አፍ ይሰማል። ሴቶቹ ከወፍጮው ላይ ሆነው ከልጆቹ ጋር ይሉት ጀመር። ትርጉሙን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ዜማው ግን ገባቸው።

ኦቦ ከእርሻ ሲመለስ እጁን ይታጠባል፤ እኔ ሳልለው። ጥራዙን ያወርድና ወደ ራሱ አድርጎ፣ በሁለት እጁ ዘርግቶ ይይዘዋል። ልጅቷ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብላ፣ እንደ ለመደችው ገልብጣ ታነብለታለች። አንድ ቀን አይቼ፦

«ኧረ ኦቦ፣ ወደ እሷ አዙርላት እንጂ» አልኩት።

«እሷ ገልብጣ ታውቃለች» አለኝ እየሳቀ። «እኔ ግን ፊደሉ ፊቴን ካላየኝ የተነበበልኝ አይመስለኝም።»

ከዚያ ክፉው ቀን መጣ። ስለ እሱ ብዙ መጻፍ አልወድም፤ ያየው ያውቀዋል። በመጀመሪያ የከብት በሽታ ገባ። ማለዳ ተነስተን ቁልቁል ስናይ ሜዳው ላይ የተኙት ከብቶች የሚነሱ መሰሉን፤ አልተነሱም። በሬ ያጣ ገበሬ ማረሻውን ሰቀለ። ጎተራ ተራቆተ። ሰው ትንሽ እህል አለበት የተባለውን አገር እየጠየቀ መሰደድ ጀመረ።

ጥራዞቹን ልሰበስብ ወጣሁ። ብዙውን ግን መሰብሰብ አላስፈለገኝም፤ ሰዎቹ ራሳቸው አመጡልኝ። አንዲት ባልቴት ከሜዳው እስከ ተራራው ወገብ፣ ጾሟን፣ በየድንጋዩ እየተቀመጠች መጥታ ጥራዟን አስረከበችኝ። «አይጥ አልነካውም» ብላኝ ተመለሰች። ያን የመሰለ ታማኝነት ከዚያ ወዲህ አላየሁም፤ አሁንም ስጽፈው ዓይኔ እንባ ያዘለ ነው።

ኦቦ ቤት ስደርስ በሩ በእሾህ ተዘግቷል። ሁለቱም በሬዎቹ ሞተውበት፣ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ወደ ምዕራብ መሄዱን ጎረቤት ነገረኝ። ምሰሶው ላይ ጥራዙ የለም። ድመቷ ብቻ ደጁ ላይ ተቀምጣ ትጮሃለች። ብብቴ ሥር ከትቻት ወደ ዕቃ ቤቱ ወሰድኳት።

«ሰረቀ» ያለ ሰው ነበር። ያን ሰው እስኪያፍር ድረስ ተቆጣሁት። ኦቦ ጥራዙን የወሰደው ባዶ ቤት ትቶት መሄድ አላስችል ብሎት እንደሆነ ገብቶኛል። ግን መግባቱ ምን ይረባል? ወራት ሄዱ፣ ንግሡ ቀረበ፣ የቀሩት ጥራዞች ዕቃ ቤት ተደርድረው መሐላቸው አንድ ክፍተት ይታየኛል። የኔታ የተረፉትን ጥቂት ልጆች በቃላቸው ያስተምራሉ። ስንቅ የሌለው አቁማዳቸውን ለመንገድ አራግፈው ጥግ ላይ ሲያኖሩት አየሁ።

ንግሡ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አዴና ልጇ ዳገቱን ሲወጡ አየኋቸው። ከሲታ ሆነዋል፤ ልጅቷን በነጠላዋ ባልለያት አላውቃትም ነበር። ሦስተኛ ሰው ከኋላቸው ይመጣ እንደሆን ጠበቅሁ። አልመጣም።

የኔታ የራሳቸውን ሽምብራ ቆሎ አቀረቡላቸው። አዴ አልቀመሰችም። ማኅደሩን ከትከሻዋ አወረደችና በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ባዶ ነበር።

«ጥራዙ ከእሱ ጋር ነው» አለችኝ። «መንገድ ላይ ነው የደከመው። ቄስ የለ፣ ፍትሐት የለ፣ አገሩ ባዶ። ልጅቷ አነበበችለት። ሲያርፍ፣ እንዲያው እንደ እንስሳ ልቀብረው ነው? አልቻልኩም። ከራሱ ሥር አደረግሁለት። ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ ባለቁልፉ፤ እሷን አይቆጡብኝ።»

ኦቦ፣ እጁን ሳልለው የሚታጠበው ኦቦ። ከደፉ ላይ ተቀምጬ፣ ሰው አየኝ አላየኝ ሳልል አለቀስኩ።

ከዚያ ተነስተን ሁላችንም አለቃ ዘንድ ሄድን። ነገሩን ነግሬ ስጨርስ ቁልፉን ከአንገቴ አውጥቼ እግራቸው ሥር አኖርኩት። አለቃ ቁልፉን አዩት፣ አላነሱትም።

«ያሳዝናል» አሉ። «ግን ቃል ቃል ነው። ጥራዙ ጠፍቷል።»

«ብራናው ጠፋ» አሉ የኔታ። «የተጻፈበትስ? እስቲ ልጅቷን ይስሟት።»

አለቃ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ፈቀዱ። ልጅቷ መሐል ላይ ቆመች። ዓይኗን ጨፍና ጀመረች፤ ድምፅዋ መጀመሪያ ቀጠነ፣ ኋላ ጸና። የኔታ በጣታቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ይከተሏታል። አንዲት ቃል አልሳተችም። ካጋመሰች በኋላ ግን ድንገት ቆመች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ቃል አይወጣም። የኔታ «አይዞሽ» አሏት፤ ራሷን ነቀነቀች።

በሩ አጠገብ የቆመችው አዴ ቀጠለችው። ፊደል የማትለየው አዴ፣ ግዕዙን በኦሮምኛ ለዛዋ እያለዘበች፣ ከወፍጮው ላይ ሆና በለመደችው ዜማ፣ እስከ መጨረሻው ወሰደችው። ስትጨርስ ወደ እኛ ዞረች።

«እዚያ ላይ ስትደርስ ነው ያረፈው» አለችን። «ያን ቀንም ከዚያ በኋላ ያለውን የጨረስኩለት እኔ ነኝ።»

አለቃ ተነሱ። የተቆጡ መስሎኝ ነበር። ወደ ውስጥ ገቡና ብዙ ቆይተው፣ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ብራና ይዘው ወጡ፤ አዲስ፣ የተፋቀ፣ ነጭ። በዚያ ዘመን ፍየል በወሬ እንጂ በዓይን አይታይም።

«ለራሴ መታሰቢያ እንዲጻፍበት ከደጉ ጊዜ ጀምሮ ያኖርኩት ነው» አሉኝ። «ጻፍበት። ቁልፍህንም አንሳ፤ መሬት ላይ ምን ይሠራል?»

እናትና ልጅ እየተቀባበሉ አሉ፤ የኔታ አረሙ፤ እኔ ጻፍኩ። ልጅቷ እዚያች ቦታ ስትደርስ ሁልጊዜ ለእናቷ ትተዋለች። ለንግሡ ዋዜማ አዲሱን ጥራዝ ከአሮጌዎቹ መሐል አግብቼ መጽሐፉን ሰፋሁት። ነጭነቱ ከሩቅ ያስታውቃል።

በንግሡ ዕለት፣ ታቦቱ ከገባ በኋላ፣ የተረፈው የደብሩ ሰው በወይራው ሥር ተሰበሰበ። አለቃ መጽሐፉን ተቀበሉኝ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ይዘውት ደፉን ተሻገሩ። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ነጩን ጥራዝ ገለጡና ልጅቷን ጠሩ።

እጇን ታጥባ መጣች። ፊት ለፊታቸው መሬት ላይ ተቀመጠች። አለቃ፣ አክብሮታቸውን ለማሳየት፣ መጽሐፉን ወደ እሷ አዞሩላት።

«አያዙሩት አባቴ» አለቻቸው። «ወደ እርስዎ ይሁን። እንዲህ ነበር የሚይዝልኝ።»

አለቃ ቀስ ብለው መለሱት። ሁለት እጃቸው ላይ ዘርግተው፣ ፊደሉን ወደ ራሳቸው አድርገው ያዙላት። ገልብጣ አነበበች። እዚያች ቦታ ደረሰች፣ ትንፋሽዋን ሰበሰበች፣ ወደ እናቷም ዞር አለች። ከዚያ ራሷ ቀጠለች፤ እስከ መጨረሻው።

አለቃ መጽሐፉን ሲመልሱልኝ ዓይናቸውን ከዓይኔ አልገጠሙም።

«ክሩን ፍታው» አሉኝ ብቻ።

በማግስቱ ፈታሁት። ለየቤቱ አከፋፈልኩ፤ ድመት አለ የለም ብዬም አልጠየቅሁም። ነጩን ጥራዝ ይዤ መጨረሻ ወደ ኦቦ ቤት ወረድኩ። አዴ ማኅደሩን ከምሰሶው ላይ ሰቅላ ትጠብቀኛለች። ጥራዙን ሰጠኋት፤ ድመቷንም ከብብቴ አውጥቼ ደጁ ላይ አኖርኩላት።